የሒሳብ ያዧ ቅዳሜ

ሦስት ሌሊት ዘነበ በዌልስ ተራሮች ላይ፤
በአራተኛው ንጋት ስልኬ አቃጨለ፤
ኢድዋል ነው፥ ጡረተኛው ፖስተኛ፤ ደህና አደርሽ እንኳ አላለ፤
«መንገዱን ውሃ በላው» አለ።

የማኅበሩ ሒሳብ ያዥ ነኝ፤ እጄ ብዕር እንጂ ዶማ አልለመደም፤
የዚህን ባቡር ዕዳ ያህል የሚያውቅ ከኔ በቀር የለም፤
ስድስት ኪሎ ሜትር ሐዲድ፥ አንድ የሚያስል የእንፋሎት ባቡር፤
መነሻው የበግ ገበያ፥ መድረሻው የተዘጋ የድንጋይ ካባ፤
ትርፉ በደህናው ዓመት ዜሮ።
ቦቲዬን አጥልቄ ሄድኩ።

ሐዲዱ አየር ላይ ቀርቷል፥ ከሥሩ አፈሩ ተጠርጎ፥
የእንጨት ርብራቡን ተሸክሞ፥ እንደ ልብስ ማስጫ ረግቦ።
ጠጠሩ ጎርፉን ተከትሎ የሰው ማሳ ገብቷል፤
አንዲት በግ ክምሩ ላይ ቆማ
ባለርስት ይመስል ትታዘበናለች።

እያሳሳቀ ነው የወሰደው። ዓመታት፥ በጠብታ፥
አሮጌው ቦይ በቅጠልና በደለል ሲታፈን፥
እኛ ጣቢያውን ቀለም ስንቀባ፥ ደወሉን ስንወለውል በጨርቅ፥
እሱ ከሥር ነበረ፤ አፈር እየዘገነ፥ ሳይቸኩል፥ ሳይርቅ።

ቴግወን ቧንቧ ሠራተኛ ናት፤
አምስት ቀን የሰው ቤት ውሃ ታስራለች፥
ቅዳሜ ውሃ ልትፈታ ትመጣለች።
ኢዮሎን ከስልኩ ትለየው ብላ እናቱ ናት የላከችው፤
አካፋውን የሚይዘው እንደ ሰው ጃንጥላ ነው።

«ቦዩ እዚህ ነው» አለ ኢድዋል። ካርታ ዘረጋ፥
ቀለሙ የሸሸ፥ ጠርዙን አይጥ የቀመሰው።
ቆፈርን። እስከ ምሳ ቆፈርን፥ ከምሳም ወዲያ፤
እስከ ወገባችን ገባን፤ ሸክላ አፈር እንጂ ቦይ የለም።
«ካርታው አይዋሽም።»
«ውሃው ግን ማንበብ አይችልም» አለች ቴግወን።

ኢድዋል አካፋውን ተክሎ ፊቱን አዞረ።
አርባ ዓመት ደብዳቤ ያደረሰ ሰው፥
«አድራሻ ተሳስተሃል» ሲባል አመመው።

ያኔ ነው ኢዮሎ ጭቃው ላይ በደረቱ የተኛው፤
ጆሮውን ከመሬት ለጥፎ «ዝም በሉ» አለን።
ዝም አልን፥ አሥራ አንዳችንም።
መጀመሪያ ዝናቡ ብቻ ነበረ፤ ኋላ ከዝናቡ ሥር ሌላ ድምፅ፥
ጉሮሮው የተያዘ ሰው ለመናገር ሲታገል ዓይነት።
«እዚህ ጋ» አለ፤ አምስት እርምጃ ወደ ግራ፥ እሾሃማው ቁጥቋጦ ሥር።

ቀድሞ የተነሣው ኢድዋል ነው።
ምንም አልተናገረም፤ የመጀመሪያዋን ዶማ እሱ አሳረፈ።

የተጠረበ ድንጋይ ወጣ፤ ያለ ስሚንቶ፥ ጎን ለጎን ተቃቅፎ፤
ቅስቱ ቅንጣት አልላላም፥ መቶ ምናምን ክረምት አልፎ።
የጠራቢው ስም የለም፤
አንዱ ድንጋይ ላይ መሮ የሳተው ጭረት ብቻ ቀርቷል፤
ቴግወን ጣቷን አስገባችበት፤ ልክ ሆነላት።

ከዚያ በብረት ዘንግ ወጋችው፤ አንዴ፥ ሁለቴ፤ በሦስተኛው
ቦዩ አሳለና ተፋ፦ መጀመሪያ ጥቁር፥ ቀጥሎ ቡኒ፥ ቀጥሎ
የቀጠነ ሻይ የመሰለ ውሃ፥ ቀጠሮ ያረፈደ ይመስል የሚሮጥ፤
እስከ ቀበቷችን አጠበን።
ኢዮሎ ሳቀ፤ እስኪያመው ሳቀ።
ስልኩ ኪሱ ውስጥ ነበረ።

አምስት ቅዳሜ ጠጠር ተሸከምን፤
ባሬላውን ከፊት ኢድዋል፥ ከኋላ እኔ፤
እሱ ቁልቁለት ላይ ይፈጥናል፥ ሲነግሩት አይሰማም።
በስድስተኛው ባቡሩ አለፈ፥
በረዶ ላይ እንደሚራመድ ሽማግሌ እግሩን እየሞከረ።
አሥራ ሦስት መንገደኛ፥ አንድ ውሻ፤ እጃቸውን አወዛወዙልን፤
ወደ ታች ያየ አልነበረም።
እሰየው። ወደ ታች እንዲያዩ አይደለም የቆፈርነው።

ማታ መዝገቤን ገለጥኩ፤
ጠጠር፥ አርባ ቶን። ጓንት፥ አሥራ አንድ ጥንድ።
የልጅ ስልክ፥ አንድ።
ገቢ፥ የአሥራ ሦስት ሰው ትኬት፤ ውሻው በነፃ።
ሚዛኑ እንደ ወትሮው አልገጠመም።

መብራቱን አጥፍቼ ጋደም ስል እንደገና ጀመረ፤
ጣሪያው ላይ፥ ተራራው ላይ፥ በጎቹ ላይ።
ይህን ዝናብ ግን አውቀዋለሁ፥
በየት በኩል እንደሚያልፍ።